የኋላ ፍሬን የሌለው ትዕግሥት

እሑድ 2

ሰው ሁሉ ትዕግሥተኛ የሚለኝ ቀስ ብዬ ስለምነዳ ነው። ቀስ ብዬ የምነዳው ደግሞ የፒክአፔ የኋላ ፍሬን ስለማይሠራ ነው። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴ እንኳ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በግማሽ አፍ ነበር የነገርኳት።

ከተበላሸ ዓመታት አልፈዋል። ፔዳሉን ስረግጥ የሚይዘው የፊቱ ብቻ ነው። ከኋላ ጎማ ጋር የሚሽከረከረው ክብ ብረት፣ ታምቡሩ፣ ውስጥ የፍሬን ዘይት እየፈሰሰ፣ እሱን ይዞ የሚያቆመው ሸራ ዘይት ጠጥቶ ሰክሯል። ስለዚህ ከሩቅ እጀምራለሁ። ሌላው ሹፌር እግረኛ ሲሻገር ይቆማል፤ እኔ እግረኛው ለመሻገር ሲያስብ ማርሽ ቀንሼ ጨርሻለሁ። ሰው ይህን አይቶ «ጋሽ ቀስ» አለኝ። ስሙም ጸደቀ። የበርና የመስኮት ፋብሪካውም ሥራ የሚሰጠኝ በዚሁ ስም ነው፤ መስታወት ጭኜ አንድም ቀን ሰብሬ አላውቅም።

ዛሬ የጸሎት ቤታችን የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ስለ ትዕግሥት ሲያስተምሩ እኔን ምሳሌ አደረጉ። መሪ የጨበጠ ሁሉ ሹፌር አይደለም፣ ራሱን የጨበጠ ነው ሹፌር፣ አሉ። ጉባኤው በሙሉ ዞሮ አየኝ። አፍሬ አቀረቀርኩ። እሱንም ትሕትና ብለው ቆጠሩልኝ። ስንወጣ ክንዴን ያዝ አድርገው በሚቀጥለው ወር አንድ ሽማግሌ እንደሚሾምና ስሜ እንደተነሣ በጆሮዬ ነገሩኝ። «እኔ የማልበቃ ሰው ነኝ» አልኳቸው። እውነቴን ነበር። ግን ሁሉም ሰው በሚልበት ድምፅ ስላልኩት እውነት መሆኑ ጠፋ።

ከዚያ እናቶቹን ጭኜ ወረድኩ። ጸሎት ቤቱ ኮረብታው ጫፍ ላይ ስለሆነ አሮጊቶቹን በየእሑዱ የማወጣውና የማወርደው እኔ ነኝ። ለዚሁ ብዬ ከኋላ ሁለት አግዳሚ አስበይጄላቸዋለሁ። ቁልቁለቱ ሲጀምር እንደ ልማዳቸው መዝሙር ጀመሩ። መታጠፊያው ጋ ስንደርስማ ድምፃቸው ኮረብታውን ሞላው። እንዴት ያለ እምነት ነው! እኔ እግሬ ፔዳሉ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ እነሱ ይዘምራሉ።

ጌታዬ፣ አንድ ቀን የፊቱም እምቢ ቢል፣ እነዚያን እናቶች ጭኜ ምን ብዬ እቀርብሃለሁ?

ማክሰኞ 4

ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩን ሰው ሁሉ ዶክተር ይለዋል፤ እሱም ዶክተር ሲባል አቤት ይላል። አንድ ወዳጄ የኋላ ፍሬኑ ደክሞበት ምክር ፈልጎ ነው አልኩት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ፒክአፔን በአገጩ አሳየኝና «ወዳጅዎ ይቺ ናት?» አለኝ።

ነገሩ ቀላል ነው አለ። የሚያፈሰውን ሲሊንደር መቀየር፣ አዲስ ሸራ ማስገባት፣ ታምቡሩን ማስላጥ። የግማሽ ቀን ሥራ። ከዚያስ ስለው፣ ከዚያማ ይይዛል አለኝ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ። የጉባኤያችን መኪኖች እኩሌታ የሚታከሙት እዚያው ነው። ዛሬ ታምቡሬ ከተከፈተ፣ ጋሽ ቀስ ለካስ ፍሬን አልነበረውም የሚለው ወሬ ከእኔ ቀድሞ ቤቴ ይገባል። ወሬ ደግሞ የፊትም የኋላም ፍሬን የለው።

ላስብበት ብዬ ወጣሁ። ቀስ ብዬ ነዳሁ።

ሐሙስ 6

ፋብሪካው ግቢ ውስጥ አንድ ጎረምሳ ሹፌር በአዲስ መኪናው ሲኩራራ ሰማሁ። አራቱም እግሯ ዲስክ ነው ይላል። ታምቡር የአያቶቻችን ፍሬን ነው፣ የዘመኑ ዲስክ ነው፣ እያለ ያስተምራል። በር እየጫንኩ ሰማሁትና በሩን አስቀመጥኩ።

የሚጠገን ነገር ተበላሽቶ የነበረ ነው። የሚሻሻል ነገር ግን ደህና ነበር፤ የተሻለ ተፈልጎ ነው እንጂ። ታምቡሩን ያስጠገነ ሰው ይታማል። ታምቡሩን አውጥቶ ዲስክ ያስገባ ሰው ይመሰገናል። ፍሬኑ እንደሆነ በሁለቱም ይይዛል።

ማታ ጸለይኩበት፤ ልቤ ረጋ። አሁን ስጽፈው ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። የእግዚአብሔርን ምክር የጠየቅኩት ከወሰንኩ በኋላ ነው።

ቅዳሜ 8

ዶክተሩ ሐሳቤን ሲሰማ ቁልፉን መሬት አስቀመጠ። «ጋሼ፣ ጥርስዎን ቢያምዎ መንጋጋ ያስቀይራሉ?»

ከዚያ መከራውን ዘረዘረልኝ። ዲስኩና እሱን ቆንጥጦ የሚይዘው ካሊፐር ከፈረሰ መኪና ተፈልጎ ይገኛል። ካሊፐሩን አክስሉ ላይ የሚያሲዘው ብረት ለእኔ መኪና የተሠራ ስለሌለ በያጅ ልክ ወስዶ ይሠራዋል። ዘይቱን የሚገፋው ማስተር ለታምቡር የታሰበ ስለሆነ ይነካካል። የእጅ ፍሬኑ ደግሞ ያለው ታምቡሩ ውስጥ ነው፤ ታምቡሩ ሲወጣ እሱም አብሮ ይወጣል፣ ሌላ መላ ይፈለግለታል።

ለእናቶቹ ደኅንነት ነው አልኩት። ቁልፉን አነሣና፣ እንግዲያው ዕቃው ሲገኝ ያምጧት አለኝ። 

እሑድ 9

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ኮረብታውን ወጥቶ ጠበቀኝ። ሰብሳቢው ማስታወቂያ ሲነግሩ፣ ወንድማችን ለእናቶች ሲል ደህናውን ፍሬን አውጥቶ የተሻለ ሊያስገባ ነው አሉ። ደህናውን! ጉባኤው አሜን አለ። እኔም አብሬ አሜን አልኩ፤ አሜን ከሚሉ ሰዎች መሐል ዝም ማለት ዓይን ይስባል ብዬ።

ሲወጡ እማማ ጉልበቴን አገኙኝ። እሳቸውን ሰው እንዲህ የሚላቸው ሲነሡም ሲቀመጡም «ጉልበቴን! ጉልበቴን!» ስለሚሉ ነው። ከጉልበታቸው በቀር የማይሠራ አካል የላቸውም፤ ዓይናቸው በተለይ። «የበፊቱ ምን ሆኖ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ምንም አልሆነም፣ እማማ።»

ከጸሎት ቤት ደጃፍ ሳልወርድ ዋሸሁ።

ሰኞ 17

ታምቡሩ ወለቀ። ዶክተሩ ውስጡን አየ። ቀጥሎ እኔን አየ። ዘይት የጠጣውን ሸራ አውጥቶ እግሬ ሥር አስቀመጠው። 

ፒክአፗ አራት ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ፋብሪካው ለጊዜው ሌላ ሰው ያዘ።

ዓርብ 21

በያጁ ብረቱን ሠራ፤ አልገጠመም። ቆረጠ፣ እንደገና ሠራ፤ ገጠመ፣ ግን ካሊፐሩ ጎማውን ከውስጥ ነካ። የጋራዡ ደጃፍ ላይ ቀኑን የሚገፉ ጡረተኞች አሉ፤ መኪና የላቸውም፣ ምክር ግን አላቸው። አንዱ ዲስክ ውኃ ሲነካው ይሰነጠቃል ይላል። ሁለተኛው ያውም ከኋላ ከሆነ መኪናዋ እንደ በቅሎ ትፈናጠራለች ይላል። ሦስተኛው በሁለቱም ይስማማል። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ ዋልኩ።

እራት ላይ ለልጄ ይህን ስነግራት ስትስቅ ቆየችና ዝም አለች። እሷ አስተማሪ ናት፤ ዝም ስትል ጥያቄ ልታወጣ ነው። እማዬ ጸሎት ቤት ሁልጊዜ በእግሯ ትሄድ የነበረው ለምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ። መራመድ ትወድ ነበር አልኳት።

ትወድ ነበር። በዝናብም ቢሆን ትወድ ነበር።

እሑድ 23

መኪና ስለሌለ እናቶቹ በእግራቸው ወጡ ብለው ነገሩኝ። እኔ አልሄድኩም። ዶክተሩ ይፈልገኛል አልኩ። እሑድ እሱም አይሠራም።

ረቡዕ 26

ገባ! ዲስኩ ያበራል። አየሩን ከዘይቱ መስመር አስወጣን፤ እኔ ከላይ እረግጣለሁ፣ እሱ ከታች ይፈታል። ከዚያ ለሙከራ ወጣን። ረገጥኩት፣ ያዘ። እግሬን አነሣሁ፣ አለቀቀም። ትንሽ እንደሄድን ከኋላ ጭስ ወጣ፣ የተቃጠለ ሸራ ሸተተ። ማስተሩ ለታምቡር የተሠራ ስለሆነ ሁልጊዜ ትንሽ ግፊት ይይዛል፤ ዲስክ ይህን አይወድም። ዶክተሩ ከመስመሩ ላይ አንዲት ትንሽ ቫልቭ አወጣ፤ ለቀቀ። ፍሬን መያዝ ብቻ ሳይሆን መልቀቅም መቻል አለበት አለኝ። ጡረተኞቹ ይህን እንደ ቅዱስ ቃል ተቀበሉት።

የእጅ ፍሬኑ ግን ቀረ። ከፈረሰው መኪና የተገኘው ካሊፐር የእጅ ፍሬን ገመድ የሚታሠርበት ቦታ የለውም። ሌላ ዓይነት አዟል። እስኪመጣ፣ አለ፣ ሜዳ ላይ ያቁሙ፣ ማርሽ ያስገቡ፣ ጎማ ሥር ድንጋይ ያድርጉ፤ ሰው ደግሞ አይጫኑ።

የእጅ ፍሬኑ ዘንግ ከመቀመጫዬ አጠገብ እንደቆመ ነው። ስስበው «ክርር፣ ክርር» ብሎ ይነሣል። የሚይዘው ነገር የለም። ዶክተሩ ላውጣው ወይ ሲለኝ፣ ለዓይን ያህል ይቆይ አልኩት።

እሑድ 30

እንዴት ያለ ፍሬን ነው! እግሬን ጣል ሳደርግ ትቆማለች። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አራተኛ ማርሽ ላይ ሆኜ የሰዎችን ፊት አየሁ፤ ወዲያው አለፉኝ።

እናቶቹን ጫንኩ። አዎ፣ አይጫኑ ብሎኝ ነበር። ግን ጉባኤው ዲስኩን ለማየት በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ባዶ መኪና ይዤ ልውጣ? አንድ ታክሲ መንገድ ሲዘጋብኝ ጥሩንባዬን ነፋሁ። ጥሩንባዬ እንደሚሠራ አላውቅም ነበር። ለታክሲው ሹፌር አንድ ቃል ወረወርኩለት፤ ቃሉ የት ተቀምጦ እንደኖረ እግዚአብሔር ይወቀው።

ስንወርድ አንዳቸውም አልዘመሩም። በመስታወት ሳይ ሁሉም አግዳሚውን በሁለት እጃቸው ይዘው ጸጥ ብለዋል። ፍሬኑን አምነው ዕረፍት ያገኙ ይመስለኛል።

እማማ ጉልበቴን ሲወርዱ ትከሻዬን ያዙ። «ልጄ፣ ትዕግሥትህን ጋራዥ ረስተሃት መጣህ እንዴ?»

ሳቅኩ። ሌሎቹ አልሳቁም።

ረቡዕ 3

ዛሬ መስታወት ሰበርኩ። ሁለት ትልልቅ። ፍሬን ስይዝ ከገመዱ አመለጡ። የፋብሪካው ኃላፊ ከመሰበሩ ይልቅ ሰባሪው እኔ መሆኔ ነው ያስገረመው፤ «ጋሽ ቀስ!» እያለ ሲደጋግም ስሙ የሌላ ሰው መሰለኝ።

ማታ ብዙ አሰብኩ። ወረፋ ላይ ሳልጋፋ የኖርኩት፣ ለሚያልፍ ያሳለፍኩት፣ ሲሰድቡኝ ያልመለስኩት፣ ሁሉም ከምን ነበር? መኪና ላይ ሳለሁ መሳደብ አልችልም ነበር፤ ሰድቤ ማምለጥ ስለማልችል። ፍርሃት ነበር። ፍርሃቴን ትዕግሥት ብዬ ስም አወጣሁለት፣ ስሙን ሰው ተቀበለው፣ እኔም ከሰው ተቀበልኩት። አሁን ፍሬን አገኘሁና ማን እንደሆንኩ ታየ። ጥሩንባ ነፊ።

ሆኖም ሹመቱ እሑድ 14 ነው። ሽማግሌ ብሆን ምናልባት በእውነት ታጋሽ እሆናለሁ። ሹመት ሰውን ያስተምራል ይባላል። ማን እንዳለው አላስታውስም፤ የተሾመ ሰው መሆን አለበት።

ማክሰኞ 9

ዶክተሩ ላከብኝ። ካሊፐሩ መጥቷል፣ ገመዱም አለ። ግን መኪናዋ እስከ ሰኞ ጋራዥ መዋል አለባት። እሑድ የሹመቴ ዕለት እናቶቹ በእግራቸው ሲወጡ ታየኝ፤ እኔም ከኋላቸው። ሰኞ አመጣታለሁ ብዬ መለስኩ። ዓመታት ያለ የኋላ ፍሬን ወጥቻለሁ፤ አንድ እሑድ ምን ይጨምራል?

ልጄ መኪናውን ስታጥብልኝ የእጅ ፍሬኑን ዘንግ ስባ «አባዬ፣ ይሄ ይሠራል?» አለችኝ።

«ይጮሃል» አልኳት።

ዓርብ 12

ሰብሳቢው ጽሑፍ እያዘጋጁ ነው። ስለ ሕይወቴ ጥቂት ጠየቁኝ። ሁሉን እሺ አልኩ። ዛሬ ደህና አልጸለይኩም፤ ቃሉ አፌ ውስጥ እየተሽከረከረ ይቀራል።

እሑድ 14

ሁሉንም እጽፋለሁ።

እናቶቹን ይዤ ስደርስ የጸሎት ቤቱ ግቢ በሰው መኪና ሞልቷል። ከበሩ ውጪ፣ ቁልቁለቱ ሊጀምር ትንሽ ሲቀረው፣ አፍንጫዋን ወደ መውረጃው አዙሬ አቆምኩ። ማርሽ አስገባሁ። የእጅ ፍሬኑን ዘንግ ሰው እንዲሰማው አድርጌ ሳብኩ። ድንጋዩን ከመቀመጫ ሥር ላወጣ ጎንበስ ስል የሰብሳቢው ባለቤትና ሌሎች ዲስኩን እያዩ እያደነቁ ቆመዋል። እነሱ ፊት ጎማ ሥር ድንጋይ ላስቀምጥ? ድንጋዩን መለስኩት። እማማ ጉልበቴን ደረጃው ስለሚያማቸው ጋቢናው ውስጥ ሆነው በድምፅ ማጉያው እሰማለሁ አሉ። እሺ አልኳቸው። እሺ አልኳቸው!

ፊት ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ሰብሳቢው ማንበብ ጀመሩ። በመንገድ የታየ፣ በቤትም የታየ፣ ለማንም ቸኩሎ የማያውቅ፣ ይላሉ። በመስኮቱ በኩል ፒክአፔ ትታየኛለች። ይህ ወንድማችን፣ ሲሉ ፒክአፔ ነቅነቅ አለች። በታማኝነቱ የቆመ፣ ሲሉ ሄደች።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ወንበር ጥያለሁ፣ ሰው ገፍቻለሁ። ጫማዬ አንዱ ደረጃው ላይ ቀርቷል። መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አድርጋ ትንፏቀቃለች፤ እኔ እሮጣለሁ፣ አልደርስባትም። ለአጥር ሥራ የተራገፈ የአሸዋ ክምር መንገዱን ግማሽ ይዞ ነበር። ቀኝ ጎማዋ እሱ ውስጥ ሰምጦ ቆመች። ከዚያ ወዲያ መታጠፊያው ነው። ከመታጠፊያው ወዲያ ምንም የለም።

በሩን በረገድኩት። እማማ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቁጭ ብለዋል። ጉልበታቸውን ሲያመቻቹ የማርሹን ዘንግ ገፍተውት ኖሯል።

«ዝግ ብላ ስትሄድ አንተ የምትነዳት መስሎኝ ዝም አልኩ» አሉኝ። «ዘወር ስል የለህም።»

አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ። ጉባኤው ደረሰ። እልልታ ቀለጠ፣ ተአምር ነው ተባለ። ወንዶቹ ሁለት መኪና አስለቅቀው፣ ተጋግዘው ፒክአፗን ገፍተው ግቢው ውስጥ ደልዳላው ላይ አቆሟት። ሰብሳቢው ላባቸውን እየጠረጉ፣ ያ አዲሱ ፍሬን ባይኖር ምን ይውጠን ነበር፣ አሉ። ወረቀታቸውን ዘረጉ። እንግዲህ የቀረውን እናንብብ አሉ።

«ቆዩ» አልኩ።

የእጅ ፍሬን እንደሌላት ነገርኳቸው። ሰው አትጫን ተብዬ እንደጫንኩ ነገርኳቸው። ሰብሳቢው ጉባኤውን በኩራት አዩና፣ አያችሁ ትሕትናውን፣ ጥፋቱን ሁሉ በራሱ ላይ ሲያደርግ፣ አሉ። አንዳንዱ ዓይኑን ጠረገ። እኔ በቃል እንደማላሸንፍ ያን ጊዜ ገባኝ።

ክንዳቸውን ይዤ ወደ ጋቢናው ወሰድኳቸው። የእጅ ፍሬኑን ዘንግ ይሳቡት አልኳቸው። ሳቡት፤ «ክርር፣ ክርር» አለ። ይኸው ይሠራል፣ አሉ። ወርደው ከኋላ ይግፏት አልኳቸው። ሳቅ እያሉ ትከሻቸውን አስደገፉ። መኪናዋ ሄደች። እሳቸውም ሦስት እርምጃ አብረዋት ሄዱ። ወንዶቹ ሮጠው ያዟት።



ወደ እናቶቹ ዞርኩ። «የበፊቱም አይይዝም ነበር» አልኩ። «ዓመታት የኋላ ፍሬን ሳይኖረኝ አውርጃችኋለሁ። ቀስ የምለው ፈርቼ ነው። ለማስጠገን አፍሬ ዲስክ አስገባሁ፤ እሱንም ለእናንተ ብዬ እንዳደረግሁ አስወራሁ። እኔ ሽማግሌ አልሆንም።»

ማንም አሜን አላለም። ሰብሳቢው ወረቀቱን አጥፈው አጥፈው ትንሽ አደረጉትና ኪሳቸው ከተቱት። ያንን ዲስክ ሲያደንቁ የነበሩት ባለቤታቸው፣ እኔም እኮ አንድ ቀን ተሳፍሬያለሁ፣ አሉና ደረታቸውን ያዙ። ከእናቶቹ አንዷ ነጠላቸውን አስተካክለው ፊታቸውን አዞሩ። ያ ከሁሉም ከበደኝ። የሚገባኝ ነው።

አራቱም ጎማ ሥር ድንጋይ አደረግኩ፤ በሰው ፊት። ቁልፉን ለልጄ ሰጥቼ ዶክተሩ ነገ በጭነት መኪና ጎትቶ እንዲወስዳት ንገሪው አልኳት። ከዚያ የወደቀውን ጫማዬን ፈልጌ አጠለቅሁና እማማ ጉልበቴን ክንዴን አስይዤ በእግር ወረድን።

ቁልቁለቱ በእግር ሌላ ነው። እማማ ጥቂት ይራመዱና ይቆማሉ። ጉልበታቸውን ይዳብሳሉ። አንድ ቤት አይተው የማን እንደነበረ ይተርካሉ፣ ማን እንደገዛው፣ ለምን እንደተጣሉ። ሌሎቹ እናቶች አልፈውን ሄዱ። እኔ እግሬ ይቸኩላል። ክንዴ ይቸኩላል። ቤቱ የማንም ቢሆን ግድ የለኝም።

«ደከመህ እንዴ?» አሉኝ መታጠፊያው ጋ።

«አይ። ቸኩዬ ነው» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ቅደም» አሉ።

አልቀደምኩም።